የቦቴው ክብደት

አባቴ የሳሎናችንን ወለል በጠመኔ የሞላው ቀን እናቴ ቤት አልነበረችም። ብትኖር ኖሮ ጠመኔውም አባቴም ውጭ ነበር የሚያድሩት። ወለሉ ቀይ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው፤ እሷ ደግሞ በሰም እየወለወለች ፊት እስኪያሳይ ድረስ አሳምራዋለች። እንግዶች ሳይቀሩ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ነው የሚገቡት። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ አባቴ ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሃል ላይ እንደ መስቀል የሚገናኙ ሁለት መንገዶች የሳለው። ባንዱ መንገድ ላይ የሳሙና ካርቶን አስቀመጠ፣ በሌላው ላይ የክብሪት ቀፎ።

«ይሄ የአጎትሽ ቦቴ ነው፤ ይቺ ደግሞ የዳቦ መኪናዋ ናት» አለኝ።

እኔ ደስ ብሎኛል። ከእኔ ጋር ሊጫወት መስሎኝ ነዋ። አባቴ ከልጅ ጋር የሚጫወት ሰው አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ «ጋሽ ቀስቴ» ነበር የሚሉት፣ ያለ ቀስት የሚያስረዳው ነገር ስለሌለ። መንገደኛ አቅጣጫ ቢጠይቀው እንኳ በእጁ አይጠቁምም፤ ኪሱን ዳብሶ ጠመኔ ያወጣና አስፋልቱ ላይ ይስልለታል። ሰውየው ቶሎ ቢሄድ ይሻለው ነበር፤ ቆሞ ይማራል።

አጎቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያየናል፤ አንድ ክንዱ በጄሶ ታስሯል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ለአንድ የግንባታ ድርጅት የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ታዲያ መስቀለኛው መንገድ ላይ ከዳቦ ማከፋፈያ መኪና ጋር ተጋጨ። የዳቦ መኪናዋ ሹፌር ሞተ። አጎቴ በዋስ ተለቆ እኛ ቤት ሆኖ ፍርዱን ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ግን «ፍርድ» የሚባለውን ነገር እንደ ፈተና ውጤት ነበር የማየው፤ ያለፈ ያልፋል፣ የወደቀም በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል።

«አባትሽ በዚህ ሁሉ ቀስት ማንን ሊወጋ ነው?» አለኝ አጎቴ። እኔ ሳቅሁ፤ አባቴ አልሳቀም።

«ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ቆርቆሮው ይጨማደዳል፣ መስታወቱ ይረግፋል፣ ሰው ይሞታል» አለ አባቴ፣ ለእኔ ይሁን ለአጎቴ ሳይለይ። «ሞመንተሙ ግን አይጠፋም። ክብደትን በፍጥነት አባዝተሽ የምታገኚው ነው። ቁጥር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አቅጣጫም አለው፤ ለዚህ ነው በቀስት የሚሳለው። የአንዱን ቀስት ከሌላው ጫፍ ብትቀጥይው፣ ተጣብቀው የተንሸራተቱበትን ሦስተኛውን ይሰጥሻል። እኛ ደግሞ አሁን ሦስተኛውን ይዘን ወደ ኋላ ነው የምንሄደው።» ከመስቀለኛው መሃል ተነስቶ ረጅም ሰያፍ ቀስት ሳለ። የተጨማደዱት መኪኖች አብረው የሄዱበት መንገድ ነው። ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ሄዶ በሜትር ለክቶታል።

ወደ ኋላ መሄዱን እኔ በገባኝ መንገድ ነው የያዝኩት። ቀስቶቹን ወደ ኋላ ከመለሳቸው መኪኖቹ ሳይጋጩ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ አጎቴም ወደ ቦቴው ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። ይሄን ብዬ ብጠይቀው ኖሮ አባቴ ምን ይመልስልኝ እንደነበር እንጃ።

እናቴ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከደንበኛ ቤት የሰበሰበችውን ጨርቅ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጩኸቱን ጠበቅሁ። ምንም አላለችም። በዳር በዳሩ፣ አንድ ቀስት እንኳ ሳትረግጥ፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች። ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። የዚያን ሰሞን ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቶ ነበር። እናቴ ለወንድሟ ስልክ ደውላ «አንተ ውሃ ስታመላልስ ትውላለህ፣ እህትህ ፊቷን በምራቅ ታጥባለች» አለችው። ቀልዷ ነው፤ ግን ገባው። በግጭቱ ቀን ለግንባታው ያመጣውን ውሃ አራግፎ፣ ቦቴውን ባዶውን ወደ ማደሪያው መመለስ ነበረበት። እሱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ከድርጅቱ ጉድጓድ እንደገና ሞልቶ ወደ እኛ ሰፈር አቀና። እናቴ በርሜሎቹን ከፍታ፣ ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሲጠብቁት ቦቴው ሳይሆን ዝናቡ መጣ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ። ሁላችንም ግቢ ውስጥ እየዘለልን በሰበስን። በዚያው ሰዓት መስቀለኛው ላይ የቦቴው ሆድ ተቀዶ ውሃው ሁሉ ከጎርፉ ጋር እየሄደ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ መንገዱ በሙሉ ውሃ ነው፤ የትኛው ከሰማይ የትኛው ከቦቴ እንደሆነ ማን ይለየዋል? የድርጅቱ ወረቀት ደግሞ ቦቴው ባዶ ነው ይላል።

አጎቴ ከሆስፒታል የመጣ ቀን እናቴ ግቢ ውስጥ፣ በርሜሎቹ አጠገብ፣ ጎንበስ አድርጋ ፀጉሩን ታጥበው ነበር። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ነኝ።

«ለፖሊስ ሙሉ ነበር አልክ እንዴ?»

«ኧረ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

«እሰይ። ከጠየቁህም ባዶ ነበር በል። ሙሉ ቦቴ ይዞ ሰው ላይ ወጣ ከተባለ ማን ያዝንልሃል? ባዶው ይሻላል፤ የቀለለ ነገር ምቱም ይቀላል። በዚያ ላይ የድርጅቱን ውሃ ሰረቀ ብለው ሌላ ክስ ይጨምሩልሃል።»

«ለጋሼስ?»

«እሱማ ጨርሶ እንዳይሰማ። ዳኛ ፊት አቁመው ቢጠይቁት አፍርጦ ነው የሚናገረው። ዝም አይነቅዝም፣ ወንድምዓለም።»

«ጋሼ» የሚለው አባቴን ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ሙሉና ባዶ የሚለውን ብቻ ነው፤ ወሬው ስለ በርሜሎቻችን መስሎኝ። ጎረቤት ውሃ እንዳለን እንዳያውቅ ነው ብዬ፣ እነሱ ሲገቡ በርሜሎቹን አንድ ባንድ ከደንኳቸው፤ እላያቸው ላይ ድንጋይም ጫንኩ። እናቴ ማታ ክዳኑን ለማንሳት ስትታገል «የት የበቀለች ጉድ ናት?» አለች።

ወደ ወለሉ ልመለስ። አባቴ ቀስቱን ስሎ እንደጨረሰ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቦቴው ውስጥ ውሃ ነበር?»

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

«ባዶ ነበር፣ ጋሼ» አለ አጎቴ።

«ግማሽም ቢሆን? ትንሽም ቢሆን? ልዩነት አለው።»

«ጠብታ አልነበረውም።»

የስፌት መኪናዋ እንደገና መዞር ጀመረች። አባቴ ወለሉን ነበር የሚያየው። በዚያች ሰዓት ዞር ብሎ የሚስቱን ፊት ቢያይ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማሪ ፊት ያነበበ ሰው ነውና ያነበው ነበር። ግን እንደነገርኳችሁ፣ ቀስቱን እያየ ነበር።

ነገሩ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ባለሙያ ባቀረበው ስሌት አጎቴ ከተፈቀደው ፍጥነት በጣም አልፎ ነበር። የአጎቴ ጠበቃ ደግሞ አባቴን «ስህተት ካገኙበት ይንገሩኝ፣ እከራከርበታለሁ፤ ትክክል ከሆነ ግን ቢያምን ይሻለዋል፣ ቅጣቱ ይቀልለታል» ብሎታል። የአጎቴ መታሰርና አለመታሰር እንግዲህ በአባቴ ጠመኔ ላይ ወደቀ። አባቴ ስህተቱን ለማግኘት ምን ያህል እንደፈለገ አሁን ነው የሚገባኝ። ወለሉን ያጠፋና እንደገና ይስላል። እራት ይቀርባል፣ አይበላም። መንገዱ እርጥብ ነበር፣ ጎማው አሮጌ ነበር እያለ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እኔ እሱ በተነሳበት እየገባሁ የሳሙናውን ካርቶን እገፋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጎቴን ጠራው።

«ሂሳባቸው ትክክል ነው።»

አጎቴ ወደ ቀስቱ ጎንበስ አለ። «በዝግታ ነበር የምነዳው፣ ጋሼ። ዝናብ ነው፣ መኪናው ከባድ ነው...»

«ባዶ መኪና?»

አጎቴ እናቴን አየ። እናቴ በመርፌዋ ቀዳዳ ክር እያስገባች ነበር፤ አላስገባችውም። «ለእኔ ከባድ ይመስለኛል» አለ አጎቴ።

«ሰው በድንጋጤ ብዙ ነገር ይምታታበታል። በዝግታ የነዳህ ይመስልሃል፤ ቀስቱ ግን እንደዚያ አይልም።» አባቴ ጠመኔውን አስቀመጠ። «እመን። አምነህ የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ ጠይቅ። ሌላ መንገድ ብፈልግልህ አጣሁ፣ ወንድሜ።»

«እንግዲህ» አለ አጎቴ፣ «አንተ ከምትሳሳት ነዳጅ የረገጠው እግሬ ቢዋሽ ይቀላል።»

የቦቴው ሹፌር የገዛ እግሩን ያመነው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በዝግታ ነዳሁ ሲል ማንም አልሰማውም። ፈጥኜ ሰው ገደልኩ ብሎ አመነ፣ እንዳመነም ኖረ።

ፍርድ ቤት እኔንም ወሰዱኝ፤ እቤት አብሮኝ የሚሆን ሰው ስላልነበረ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ልጇን አዝላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። አጎቴ ወደ እሷ ሄዶ ባንድ ጊዜ እግሯ ሥር ወደቀ። የሆነ ነገር የወደቀበት መስሎኝ እኔም ጎንበስ ብዬ ወለሉን አብሬው ፈለግሁ። የሴትዮዋ እግር ብቻ ነው የታየኝ፤ አንዱ ጫማዋ ማሰሪያው ተበጥሶ በክር ተቋጥሯል። «ተነስ» ስትለው ሰማሁ። «ተነስ በቃ፣ ወንድሜ። እሱ አይመለስም።» አጎቴ አልተነሳም፤ ፖሊሱና አባቴ ብብቱን ይዘው አነሱት። የወደቀው ነገር ምን እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት እጄን ጨብጣ ጎተተችኝ።

አጎቴ ታሰረ። ያቺ ኮሪደሩ ላይ ያየኋት የሟቹ ሚስት ባሏ እንዳልበረረ አምና ወደ ቤቷ ሄደች፤ እሷም የተነገራትን ነው ያመነችው፣ ምን ታድርግ።

ቤታችን ከዚያ በኋላ ቤት አልነበረም። እናቴ አባቴን ማናገር ተወች። «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች፣ እሱ እፊቷ ተቀምጦ። እኔ ዞር ብዬ «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» እላለሁ። «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» ይላል። በመካከላቸው ስመላለስ ምላሴ ደከመ። የተጣሉት በወለሉ ነበር የሚመስለኝ፤ ሰሙ ላይ የጠመኔው ምልክት ስለቀረ። አሁን እንደማስበው እናቴ የተቆጣችው በአባቴ አልነበረም። የባሏን ፊት ባየች ቁጥር የሸሸገችው ነገር ትዝ ይላታል፤ ላለማየት ደግሞ ዝም ማለት ነበረባት። እኔ ግን አላወቅሁም። አጎቴን ያሳሰረው ጠመኔ የያዘ ሰው ነው፣ እሱም አባቴ ነው ብዬ ያዝኩበት። ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ እጄን ሲይዘኝ እጄን አላላለሁ።

አጎቴ እስር ቤት ሳንባውን ታመመ። መጀመሪያ ሳል ነው አሉ፣ ቀጥሎ ብርድ ነው አሉ፤ በመጨረሻ ሬሳው መጣ። እናቴ ስታለቅስ የሰማሁት ድምፅ ከሰው ይወጣል ብዬ አስቤው የማላውቅ ድምፅ ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር ባለ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ እናቴ ባሏ ፊት መጥታ ቆመች። በእኔ በኩል አልላከችም።

«ሙሉ ነበር» አለችው።

«ምኑ?»

«ቦቴው። ለእኛ ነበር ውሃ የያዘው። እኔ ነኝ አምጣልኝ ያልኩት፣ እኔው ነኝ ባዶ ነበር በል ያልኩት። የሚጠቅመው መስሎኝ። ሙሉ ከተባለ ይብስበታል ብዬ...» ከዚህ በላይ መናገር አቃታት።

አባቴ አልጮኸባትም። ተነስቶ ምንጣፉን ጠቀለለ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ተንበረከከ። መንገዶቹን ሳለ፣ ሰያፉን ቀስት ሳለ። ከዚያ ጥግ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ አያለሁ። እጁ እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያ እየዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። የጻፈውን እንደ ተማሪ በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበበው።

«ምን ወጣ?» አለች እናቴ ከቆመችበት።

አባቴ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

«ንገረኝ። ሙሉ ነበር ብንልህ ኖሮ አይታሰርም ነበር?»

አባቴ በመዳፉ ሁሉንም ጠራረገው። ቀዩ ወለል ላይ ነጭ ደመና ብቻ ቀረ።

«ምንም አይለውጥም» አለ።

«ምንም?»

«ሙሉም ቢሆን ባዶም ቢሆን ያው ነው። ፈጥኖ ነበር። ባንቺ አይደለም።»

እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ጠመኔው መሃል፣ አጠገቡ ተቀመጠችና ግንባሯን ትከሻው ላይ አደረገች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደገና ተነጋገሩ። እኔ ግን በአባቴ ላይ ልቤ የተዘጋው ያን ቀን ነው። ሞቶ እንኳ አይምረውም? አንዲት ቃል ለአጎቴ ቢጨምርለት ምን ነበረበት? ድንጋይ ነው አልኩ።

ከእልህ የተነሳ ፊዚክስ አጠናሁ። ይሄን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ አባቴን ልረታው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ቬክተር የሚሉትን ቀስት ሳይ እያንገሸገሸኝ ሳነብ፣ አንድ ቀን መምህሩ በመስቀለኛ መንገድ ስለተጋጩ ሁለት መኪኖች ጥያቄ ሰጠን። ሠራሁት። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ የአንዱን ክብደት ለውጬ እንደገና ሠራሁት፤ ቦቴ አደረግሁት፣ ውሃ ሞላሁት።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ለሕፃን ይገባል። ተጣብቀው የሄዱበት አቅጣጫ የሚናገረው እያንዳንዱ ከሞመንተሙ ምን ያህል ድርሻ እንዳዋጣ ነው። ድርሻው አይለወጥም። ቀላል መኪና ያን ድርሻ ለማዋጣት መሮጥ አለበት፤ ከባዱ ግን እያዘገመም ያዋጣዋል። ደግሞ ውሃ የሞላ ቦቴ ገፍታ ከመስመሩ ያን ያህል ያጣመመች ትንሽ የዳቦ መኪና ስንት መብረር ነበረባት? አጎቴ በዝግታ ነበር የነዳው። እግሩ አልዋሸም። ባዶ ነበር ያሉት እንዲቀልለት ነው፤ ያሰረው ግን ያ ባዶነት ነው። አባቴ ደግሞ እሁድ ከሰዓት፣ እዚያ ወለል ላይ፣ ይሄን ሁሉ ቁጭ አድርጎ አይቶታል። የገዛ ሚስቱን ዝምታ አይቷል፤ እመን ብሎ የመከረውን የገዛ አፉንም አይቷል። ከዚያ በመዳፉ ጠርጎ ብቻውን ተሸከመው።

ወረቀቴን ይዤ ከክፍሉ ወጣሁ። ሮጬ የምነግረው አባት ግን አልነበረኝም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀብረነው ነበር። እጄን እንዳላላሁበት ሞተ።

አሁን እኔም ይሄንኑ አስተምራለሁ። እናቴ አርጅታለች፣ ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ሰሞን የተማሪ ፈተና ሳርም ከአጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ይሄ የአባትሽ ቀስት ነው አይደል?»

«ነው፣ እማዬ።»

«አንቺም እንደሱ ታውቂበታለሽ አሉ።» ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠች፣ ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለች። «እስቲ ንገሪኝ። ያኔ ቦቴው ሙሉ ነበር ብለን ቢሆን ኖሮ ለወንድሜ ለውጥ ነበረው?»

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሳ መለስኩላት። «ምንም አይለውጥም፣ እማዬ። አባዬ ትክክል ነበር።»

ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፀጉሬን እንደ ልጅነቴ ወደ ኋላ ሰበሰበችልኝ።

«ልክ እንደ አባትሽ ነሽ» አለችኝ። «እሱም መዋሸት አይችልበትም ነበር።»